የባሌ ጫካ፦ ፓርኩ ይጠብቀው ወይስ የሰፈሩ ሰው?

ጫካው ይጠበቅ የሚለው ላይ ሁሉም ይስማማል፣ ጭቅጭቁ በማን የሚለው ላይ ነው። ባሌ አካባቢ ሁለቱም መንገድ ስላለ እዛው ማወዳደር ይቻላል።

አንዱ ብሔራዊ ፓርኩ ነው፣ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ በ2023 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ያደረገው። ለአውሬው እኔ በበኩሌ ይሄን ነው የምመርጠው፣ ለምን መሰላችሁ፣ በፓርኩ ደቡብ በኩል ሐረና ጫካ ያለችው የባሌ ጦጣ ምግቧ በዋናነት የቀርከሃ ቅጠል ነው፣ ቀርከሃው ከተመነጠረ ኑሮዋ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ "ትንሽ ትንሽ እንቁረጥ" እሷ ጋ አይሰራም። ግን ፓርክ ስለተባለ ብቻ መጥረቢያ አይቆምም፣ ውስጡ ሰው ይኖራል ከብት ይገባል፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ደግሞ ሁሉም ጋ አይደርስም።

ሌላው አዳባ ዶዶላ ላይ በጂቲዜድ (የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት) ድጋፍ የተጀመረው ዋጂብ፣ ማለትም የጫካ ነዋሪዎች ማህበር ነው። ቢበዛ 30 አባወራ ይደራጃል፣ በአባወራ 12 ሄክታር ሂሳብ ጫካ ከመንግሥት ይረከባል፣ ኪራይ ይከፍላል፣ በእቅድ የተፈቀደውን እንጨት ይጠቀማል። ጥቅሙ ግልፅ ነው፣ ሌሊት መጋዝ ይዞ የመጣን ሰው ቀድሞ የሚሰማው እዛው የሚያድረው ነዋሪ ነው፣ ለዛውም የራሱ ገቢ ነው የሚቆረጠው! የሚያሳስበኝ ግን ትልልቁ ዝግባ ነው፣ ገበያ ላይ ውድ ነው፣ አንዴ ከወደቀ መተኪያው ስንት ትውልድ ይፈጃል። ደግሞ ማህበሩ ውስጥ ያልገባው ጎረቤትስ ማገዶውን ከየት ያምጣ?