በር አንኳኩታ ለምትገባዋ ልጅ

ሰላም የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ወገኖቼ።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ዘገየሁ። ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ራሱ "ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይው" አለኝ። ስለዚህ ስሙ የለም። የማመሰግናት ልጅም ስም የለም። ኬዝ ማናጀሩ ናት፤ ከመንገድ ወጥቶ በገባበት ቤት ጉዳዩን የምትከታተልለት ሰራተኛ። "ስራዬ ነው እትዬ፣ ስሜን ከጻፍሽ ተጣላን" ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። የሰራችውን እንዳላወራ ግን አላስማለችኝም።

ወንድሜ በዲቪ ነው የመጣው። መጀመሪያ ፓርኪንግ ሰራ፣ ከዚያ ታክሲ ነዳ። ለእናታችን ወር ጠብቆ ብር የሚልከው እሱ ነበር፤ እኔ አንዳንዴ እዘላለሁ፣ እሱ ግን አንድም ወር አላለፈውም። ከዚያ ድምፅ መስማት ጀመረ። መንገደኛው ሁሉ ስለሱ የሚያወራ መሰለው። ቀጥሎ የታክሲው ሬዲዮ ስሙን ጠራው። ድምፁን ዝም ለማሰኘት ይጠጣል፤ ሲነጋ ድምፁ ብሶበት ይነሳል፤ እንደገና ይጠጣል።

እኛስ ምን አደረግን? ከእንጦጦ ማርያም ጸበል በሃይላንድ አስመጣን። ጸበሉን ዛሬም አልተውንም፣ ይጠጣል። ጥፋታችን ሐኪም ጋ ለመሄድ ሦስት ዓመት መቆየታችን ነው። ለእናታችን "ስራ በዝቶበት ነው" አልናት። ለማኅበራችን ሰዎች "ሲያትል ገብቷል" አልናቸው። ሲያትል ገባ ያልነው ሰው ቻይናታውን ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ካርቶን ላይ ተኝቶ ነበር።

እዚህ ላይ ማንም ያልነገረንን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወንድሜ የገባበት ዓይነት ቤት፣ ማለትም ኪራዩ የሚደገፍና ከጎን ሰራተኛ የሚመደብለት ቋሚ ቤት፣ ቅድሚያ የሚሰጠው በፌደራሉ መስፈርት "ክሮኒክ ሆምለስ" ለሚባሉ ሰዎች ነው። ሕመም ወይም ሱስ ኖሮበት፣ 12 ወር በተከታታይ መንገድ ላይ ወይም ሼልተር (ቤት የሌላቸው የሚያድሩበት መጠለያ) ያደረ መሆን አለበት። ወይም በ3 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ፣ ተደምሮ 12 ወር የሚሞላ። የዘመድ ሶፋ አይቆጠርም። እኛ ደግሞ ሐበሾች ነን፤ ዘመድ ውጭ አድሮ እንቅልፍ አይወስደንም። ከኔ ሶፋ ወደ አጎታችን ልጅ ሶፋ፣ ከዚያ ወደ ጓደኛው ምድር ቤት አዞርነው። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ሁሉ ጊዜ "ቤት አለው" ነው። ዘመዳችሁን አስወጡት እያልኩ አይደለም፣ እግዜር ይጠብቀኝ። ሼልተር ያደረባቸውን ሌሊቶች ግን በጽሑፍ ያዙ። መንገድ ላይ የሚዞሩት የአውትሪች ሰራተኞች ሲያገኙት ስሙን ይመዝግቡት። እኛ ይህን ብናውቅ ኖሮ ብዙ ወር ባተረፍን።

ክረምቱን ሁለተኛና ዲ ጎዳና ጥግ ያለው ትልቁ ሼልተር ነበር ያሳለፈው። ያንን ሕንጻ ሚች ስናይደር የሚባል፣ ቤት ለሌላቸው የሚሟገት ሰው በ1984 ለ51 ቀን እህል ሳይቀምስ ጾሞ ነው ከሬገን መንግሥት እሺታ ያገኘለት። የኛ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ግን እኛ ከሰዓት በኋላ ሽሮ አለን።

ከዚያ በፊት አንድ ማገገሚያ ቤት ገብቶ ነበር። የቱ እንደሆነ ይቅር። ደንቡ "ከጠጣህ ትወጣለህ" ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጠጣ፣ ወጣ። ታኅሣሥ ነበር። ልብሱን በጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ በር ላይ ሲቆም አየሁት። "እትዬ፣ ፈተናውን ወደቅኩ" ነው ያለኝ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ "ለምን አትጸናም?" ብዬ ጮህኩበት።

አሁን ያለበት ቤት አሰራሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ሌላው ቀስ ብሎ። በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ሳም ሴምበሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ የጀመረው መንገድ ነው፤ "ሃውሲንግ ፈርስት" ይሉታል። ቤት ለማግኘት መጠጥ ማቆም ግዴታ አይደለም፣ መድኃኒት መዋጥም ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ ስሰማ ንዴቴ ለጉድ ነበር። "ሰካራም ይቀለባል እንዴ?" አልኩ። ልጅቷ ሳትቆጣ "እትዬ፣ ሌሊት አንድ ዓይኑን ገልጦ የሚተኛ ሰው በምን አቅሙ ይዳን?" ብላ መለሰችልኝ። መልስ አልነበረኝም። ንዴቴ ግን ወዲያው አልበረደም።

የመጀመሪያው ትልቅ ውለታዋ እኔን ከአስተርጓሚነት ማባረሯ ነው። ሐኪሙ ወንድሜን ድምፅ ይሰማው እንደሆነ ጠየቀው። እሱም "ግድግዳው ውስጥ ሆነው እናትህን ልንገድላት ነው ይሉኛል" አለ። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? "እንቅልፍ እምቢ ብሎት ተጨንቋል።" አፍሬ ነው። የቤታችንን ጉድ ለፈረንጅ በአፌ ላውጣ? ልጅቷ ግን አማርኛ ትሰማለች። ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዛ "እሱ ያለውና አንቺ ያልሽው አንድ አይደለም" አለችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ አስተርጓሚ እንጠይቃለን። አንቺ እህቱ ሁኚ፣ ይበቃሻል።" ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አላት፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም አለበት። ሐኪም ቤትም ብትሄዱ ጠይቁ፣ አትከፍሉም። በአስተርጓሚ በኩል እውነቱ ከተነገረ በኋላ ነው መድኃኒቱ የተስተካከለው። አሁን በወር አንድ ጊዜ መርፌ ይወጋል። በየቀኑ ክኒን ዋጥክ አልዋጥክም የሚል ጭቅጭቅ ቀርቷል።

ቤቱን ላሳያችሁ። አንድ ክፍል ስቱዲዮ ነው፤ ማዕድ ቤቷ ጠባብ፣ መስኮቷ ሰፊ። ውሉ በራሱ ስም ነው። የሚከፍለው ከገቢው 30 በመቶ ነው፤ በ2025 የፌደራሉ ሙሉ ኤስ ኤስ አይ (መንግሥት ገቢ ለሌለው ሕመምተኛ በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ) 967 ዶላር ስለነበር 290 ገደማ ይሆን ነበር። ቀሪውን ፕሮግራሙ ይሸፍናል። ሊፍቱ ሁለት ቀን ሰርቶ አንድ ቀን ያርፋል፤ እሱን አልደብቅም።

ቁልፍ በተረከበ ሰሞን አዲስ አልጋ ገዛሁለት። ከእናታችን የተላከውን ጋቢ አነጠፍኩበት። በሳምንቱ ስመጣ ጋቢው እንዳነጠፍኩት ነው። በሩ ስር መሬት ላይ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ቦርሳውን ተንተርሶ ነው የሚተኛው። አለቀስኩ። ልጅቷን "አንድ ነገር በይው!" አልኳት። "አልጋውም የሱ ነው፣ መሬቱም የሱ ነው" አለችኝ፣ በቃ። እሷ በየማክሰኞው ትመጣለች። መሬት ላይ ከሆነ እሷም መሬት ላይ ትቀመጣለች። ስለ እግር ኳስ ያወራሉ። አርሴናል ነው፤ ስለዚህ የሚያማርረው አያጣም። ሁለት ወር ሊሞላው ሲል አንድ ቀን ስመጣ ጫማዎቹ ጎን ለጎን ግድግዳው ስር ተቀምጠዋል። አልጋው ተበጣብጧል። ምንም አላልኩም። ማድ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ እንዳይሰማኝ።

አሁን የበሩን ነገር ላውራ። ትርፍ ቁልፍ ነበረኝ። አንድ ቅዳሜ ሽሮና ዶሮ ወጥ ይዤ መጣሁ፤ ልጅቷም ለሌላ ተከራይ መጥታ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ቁልፌን አውጥቼ ልከፍት ስል እጇን በሩ ላይ አደረገች።

"እትዬ፣ አንኳኪ እንጂ።"

"እህቱ እኮ ነኝ።"

"አዎ። ቤቱ ግን የሱ ነው።"

አንኳኳሁ። ከውስጥ "ማነው?" አለ። "እኔ ነኝ።" ዝምታ። "ዛሬ አይመቸኝም።" ዶሮ ወጥ ታቅፌ ኮሪደር ላይ ቀረሁ! አስራ ሁለት ሽንኩርት ከትፌ! እሷ ሳህኑን ተቀበለችኝና ታች የጥበቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ የማልለው አልነበረም። በነጋታው ስልክ ተደወለ። ወንድሜ ነው። "ሽሮሽ ጨው በዝቶበታል" አለኝ። ለአራት ዓመት ደውሎልኝ አያውቅም ነበር። ትርፍ ቁልፉን በዚያው ሳምንት መለስኩለት።

አልደብቅም፣ ከገባ በኋላም ጠጥቷል። አንዴ ለሦስት ቀን ጠፋ፤ ጎረቤትም በሬዲዮው ጩኸት ከሰሰው። የድሮው ቤት ቢሆን ፌስታሉ በሩ ላይ ነበር። እሷ ግን ጎረቤቱንም እሱንም አናገረች፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ገዛችለት፣ ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ሬዲዮ እንዳይከፍት ተስማሙ። ስለ መጠጡ "ስንት ቀን ሳትጠጣ ቆየህ?" ብላ ጠየቀችው። "አርባ አንድ" አላት። "እስቲ አርባ ሁለትን እንሞክር" አለችው። እኔ ሦስቱን ቀን ብቻ ነበር የቆጠርኩት።

ጉድለት የላትም አልልም። የስልኳ መልእክት መቀበያ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ስለሱ ምንም አትነግረኝም ነበር፤ እሱ ፈርሞ ካልፈቀደ ሕጉ አይፈቅድላትም። "የናቴን ልጅ ጤና ከባዕድ ልለምን?" ብዬ ተቀይሜያት ነበር። በስድስተኛው ወር እሱ ራሱ ፈረመ። ሌላው የምፈራው እነዚህ ሰራተኞች ደሞዛቸው ትንሽ፣ ሰዋቸው ብዙ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ። ይህቺ እንዳትለቅ ስለት ተስያለሁ።

እንደኛ ተደብቃችሁ ያላችሁ፣ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ በቤተክርስቲያን ግቢ "ሲያትል ነው" ስትሉ ሰምቼ ዝም ብያችኋለሁ። ዲሲ ውስጥ የአእምሮ ጤና መሥሪያ ቤቱ የሃያ አራት ሰዓት ስልክ 1-888-793-4357 ነው። "አማሪክ" በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ። የትም ግዛት ብትሆኑ፣ ሰው ራሱን ሊጎዳ ነው ብላችሁ ከሰጋችሁ 988 ደውሉ። ለቤቱ ማመልከቻ ደግሞ መታወቂያውን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የሐኪም ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ እናንተ ጋ አስቀምጡ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቦርሳው ይሰረቃል፤ ወንድሜ መታወቂያውን ሦስቴ አውጥቷል፣ በጠፋ ቁጥር ማመልከቻው ይቆማል። ለቤቱ እንዴት እንደሚመለከት ሳይሆን እንዴት እንደሚያመለክት ጥያቄ ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ስም አልጠይቅም።

ባለፈው ማክሰኞ ከልጅቷ ጋር አብረን ወጣን። ሊፍቱ ያረፈበት ቀን ነበር፣ አራት ፎቅ በእግር። አንኳኳች። "ማነው?" አለ። ነገረችው። "እትዬም አለች" ብላ ጨመረችለት። ትንሽ ቆይቶ "ዛሬ አይደለም፣ ሐሙስ ኑ" አለን። ጆሮዋን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ ሰማችና "ድምፁ ደህና ነው" አለችኝ። ሽሮውን ታች ለጥበቃው ሰጥተን ሄድን። ጨው ቀንሻለሁ።