ሐምሌ 19 ቁልቢ፦ ድንኳኑ ደህና ነበር፣ መሬቱ ግን

የልጆቼ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ የታኅሣሡን የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከቨርጂኒያ መጥተን ማክበር አይሆንልንም። እናቴ ደግሞ ስድስት ዓመት የቆየባት ስለት ነበር። ስለዚህ ቅዱስ ገብርኤል ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያዳነበትን የሐምሌ 19ኙን በዓል መረጥን። በክረምት ቁልቢ ሄዳችሁ ድንኳን ተከራይታችሁ ልታድሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ገንዘብ የከፈልንባቸውን አገልግሎቶች እንዳየኋቸው ልንገራችሁ።

የድሬዳዋው በረራ በሰዓቱ ተነሥቶ በሰዓቱ ደረሰ። ከድሬ በኮንትራት የያዝነው የሚኒባስ ሹፌር ግን ምስጋና ይገባዋል። በሙቀቱ ስስ ልብስ ለብሰን ሲያየን፣ ከመነሣታችን በፊት «አቦ፣ ጃኬት ከሻንጣ አውጡ፤ ደንገጎን ስናልፍ ብርድ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጠመዝማዛውን ዳገት ጨርሰን ወደ ቁልቢ ስንታጠፍ ጉም ተቀበለን፤ ዝናቡም ወዲያው ተከተለ።

አስፋልቱ ደህና ነው። ፈተናው የጀመረው ከአስፋልቱ ስንወርድ ነው። አከራዩ በቴሌግራም በላከልኝ ፎቶ ላይ ሜዳው ደረቅ፣ ሣሩ ቢጫ፣ መኪኖቹ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ የገቡ ነበሩ። ፎቶው የታኅሣሥ መሆኑ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው። ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ግን ዝናብ ጠግቦ፣ መኪና አቡክቶት ማጥ ሆኗል። ሚኒባሳችን ሃያ ሜትር ያህል እንኳ ሳይገባ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ከፊታችን ሦስት መኪኖች እንደዚሁ ተይዘዋል። አከራዩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ያወጡን የአካባቢው ልጆች ናቸው። የማሽላ አገዳና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አምጥተው ከጎማው ሥር አነጠፉና ገፍተው መልሰው አስፋልት ላይ አወጡን። ከዚያ በዚያው አገዳ እስከ ድንኳኑ መተላለፊያ ሠሩ። ሁለቱ ሻንጣ ተሸከሙ፤ አንዱ «እማማ፣ እኔን ይያዙ» ብሎ ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን እርምጃ በእርምጃ አሻገራት። ለስለት ያመጣችው ጥላ ጭቃ ሳይነካው ገባ። ዋጋ አልተከራከሩንም፤ የሰጠናቸውን ተቀብለው «ገለቶማ» አሉን።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ማጡን አይተው ከአስፋልቱ ዳር ቀሩ፤ እዚያው ሆነው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አማትበው ተሳለሙ። ቁልቢ ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው ያሠሩት ነው ይባላል፤ ዛሬም ሰው የሚመጣው ስለት ይዞ ነው። ስለት ያለበት ሰው ዘነበ ብሎ አይቀርም። አከራዩ ይህን እያወቀ፣ በየዓመቱ በዚሁ ሜዳ እየሠራ፣ አንድ መኪና ገረጋንቲ አለማስደፋቱን ልረዳለት አልቻልኩም።

ድንኳኑ ራሱ ጠንካራ ሸራ ነው፤ ፍራሹም ንጹሕ ነበር። ግን ዙሪያውን ቦይ አልተቆፈረለትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃው ከሥር ገባ፤ ልጆቹን አንሥተን ፍራሹን ሻንጣ ላይ ደረደርን። ጎረቤት ያደሩት ከሐረር የመጡ ቤተሰቦች ግን በጊዜ ቆፍረው ኖሮ ደረቅ ላይ ተኝተዋል። ዶማቸውን አዋሱን፤ ባልየው ራሱ መጥቶ አብሮን ቆፈረ፤ ሚስቱ ለልጆቹ ሻይ አፈላች። መጸዳጃ ቤቱን ባላነሣው ይሻላል።

በማግሥቱ ታቦቱ ሲወጣ እናቴ ጥላውን አስረከበች። ከድንኳኑ እስከ ቅጽሩ የወሰደብን አንድ ሰዓት ሙሉ ነው።

ለመያዝ ስትደውሉ ፎቶው የዚያው ሳምንት እንዲሆን ጠይቁ፤ ድንኳኑ ከአስፋልት ስንት ሜትር እንደሚርቅና ቦይ እንዳለው አስነግሩ፤ ገንዘቡንም ሙሉውን ቀድማችሁ አትላኩ። እኔ ግማሹን አስቀርቼ ነበር። አከራዩ ማታ ሲመጣ የመንገዱን ሥራ ዋጋ ከዚያ ላይ ቀንሼ ለልጆቹ ጨመርኩላቸው፤ ለምን እንደቀነስኩም ፊት ለፊት ነገርኩት። ለከርሞ ሐምሌ ገረጋንቲ አስደፋለሁ ብሎኛል።