በሩት ሼል ምክንያት ደሴ ስለወሰድኩት ሰርቨርና ስለ ጥገና ቤቱ

ኮምቦልቻ የምንሠራበት የጽሕፈትና የኅትመት ቤት የደንበኞቹን ፋይል የሚያስቀምጠው ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተጫነበት አንድ ሰርቨር ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ሩት የተባለውን፣ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለውን የአስተዳዳሪ አካውንት ፓስዎርድ በትክክል እያስገባን ማሽኑ መልሶ መግቢያው ላይ ይጥለን ስለጀመረ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩት።

ጥፋቱ የእኛው ነበር። ቀደም ሲል አብሮን የሠራ ልጅ ሊኑክስ በተባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ባሽን ለምዶ ስለነበር፣ የሩትን ሼል (ተጠቃሚው ሲገባ ተከፍቶ የሚጻፉትን ትእዛዞች የሚቀበለውን ፕሮግራም) ወደ ባሽ ቀይሮት ኖሯል። በፍሪቢኤስዲ ግን ባሽ ከመሠረታዊው ሲስተም ጋር አይመጣም፤ በፓኬጅ መልክ ለብቻው ተጭኖ ዩኤስአር ሎካል በተባለው ማውጫ ሥር ይቀመጣል፣ ለመነሣትም በፓኬጅ የተጫኑ ሌሎች ላይብረሪዎችን (ፕሮግራሞች የሚጋሯቸውን ረዳት ፋይሎች) ይፈልጋል። ፓኬጆቹን እያደስን ሳለ መብራት ጠፋና ከእነዚያ ላይብረሪዎች አንዱ ጎደለ፤ ባሽ መነሣት ሲያቅተው ሩትም ደጅ ቀረ።

አስቀድሜ ያማከርኩት ሌላ ባለሙያ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ ብሎኝ ስለነበር፣ የደሴው ቴክኒሺያን ያሳየው ጥንቃቄ ልቤን አሳረፈው። ማሽኑን ለጥገና በሚያገለግለው የነጠላ ተጠቃሚ ሁነታ አስነሣው። ስክሪኑ የትኛውን ሼል እንደሚከፍት ሲጠይቀው ምንም ሳይጽፍ ኢንተርን ተጫነ፣ ከሲስተሙ ጋር የሚመጣው ኤስኤች የተባለው ሼልም ተከፈተ። ለንባብ ብቻ የተከፈተውን ዲስክ እንዲጻፍበት አደረገና ሲኤችኤስኤች በተባለው ትእዛዝ የሩትን ሼል ወደ ኤስኤች መለሰው። ዳግም ካስነሣው በኋላም በአንዱ ተርሚናል ገብቶ ሳይወጣ በሁለተኛው ደግሞ ገባና አረጋገጠ፤ የተጠቀመባቸውን ትእዛዞች አንድ በአንድ በደብተሬ ላይ ጻፈልኝ።

«ጋሼ፣ ሩትን እንዳለ ይተዉት፤ ባሽ ከወደዱ ለራስዎ አካውንት ያድርጉት» አለኝ። የሩት መነሻ ሼል ለብዙ ዓመታት ሲኤስኤች የተባለ ሌላ ሼል እንደነበረና በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከወጣው የፍሪቢኤስዲ 14.0 ዕትም ጀምሮ ኤስኤች እንደሆነ፣ የእኛም ሰርቨር ከዚያ ወዲህ የተጫነ በመሆኑ ወደ ኤስኤች መመለሱ ተገቢ መሆኑን አስረዳኝ። በሩት ሥልጣን ሌላ ሼል የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ሲስተሙ ቱር የሚባል ሁለተኛ አካውንት አለው፤ ስሙ የሩት የላቲን ፊደላት ተገልብጠው ሲነበቡ የሚገኘው ነው፣ መለያ ቁጥሩም እንደ ሩት ዜሮ ሲሆን ፓስዎርድ ካልተሰጠው አይገባበትም። ይህን ያህል ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ጥገና ቤት በአካባቢያችን ከዚህ በፊት አልገጠመኝም።

ቅሬታዬ ዋጋውን ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ መስማቴና ለሩብ ሰዓት ሥራ ሁለት ቀን ወረፋ መጠበቄ ነው። ዋጋው ራሱ አልከበደኝም፣ ነገር ግን አስቀድሞ ሊነገረኝ ይገባ ነበር። ሞኒተርና ኪቦርድ እዚያው ስላለ ሰርቨሩን ብቻ ይዞ መሄድ ይበቃል፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛ ጠዋት መድረስ ይሻላል።