የሜንዶሳ ኮዴክስ ወይስ የፍሎረንስ ኮዴክስ?

አዝቴኮችን የሚጨምረውን የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ፣ የናዋን ኑሮ በሥዕል ማየት ለፈለገ ሰው ከሁለቱ ኮዴክሶች (በእጅ የተጻፉ የድሮ መጻሕፍት) የሜንዶሳው ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1540ዎቹ ገደማ ሜክሲኮ ሲቲ ተሥሎ ዛሬ ኦክስፎርድ የሚገኘው ይህ መጽሐፍ የነገሥታቱን ድል፣ የግብሩን ዝርዝርና የልጅ አስተዳደግን ይዟል። የ3 ዓመት ልጅ ድርሻ ግማሽ የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ያጠፋ የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ በበርበሬ ይታጠናል። (እኛም ዘንድ በዚህ ጭስ ያላለቀሰ ስንቱ ነው?)

ስለ ስፔኖች ወረራ ግን ከሜንዶሳው ብዙ አይገኝም። ለዚህ የፍሎረንሱን የሚያህል የለም። መነኩሴው ሳሃጉን ከናዋ ሊቃውንትና ሠዓሊያን ጋር በ1577 ያጠናቀቀው ሲሆን፣ 12 መጻሕፍትና ወደ 2,500 የሚጠጉ ሥዕሎች አሉት፤ የናዋ ቋንቋ የሆነው ናዋትልና ስፓኒሽ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። 12ኛው መጽሐፍ ላይ በፈንጣጣ የተመቱ ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተጋድመዋል፤ አንዲት ሴት ታስታምማለች። የዚሁ የ12ኛው መጽሐፍ ሥዕሎች አብዛኞቹ ቀለም አልተቀቡም፤ እኔ ግን ከሜንዶሳው ድምቀት አስበልጣቸዋለሁ።