ዘጌ ላይ ቤት ገዝቶ መኖር፦ የአንድ ነዋሪ ግምገማ

ከባሕር ዳር ግርግርና ከቤት ኪራይ ውድነት ወጣ ብለው በጣና ዳር፣ በቡና ጥላ ሥር መኖር የሚመኙ ሰዎች ስለ ዘጌ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ዘጌ ዛሬ በአስተዳደር ከባሕር ዳር ሳተላይት ከተሞች አንዷ ናት፤ ስለዚህ ብዙዎች እንደማንኛውም የከተማ ዳርቻ ሰፈር አይተዋት፣ ዋጋ ተከራክረው፣ ቀብድ ከፍለው ሊገቡባት ያስባሉ። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለመኖር ዘጌን የሚወዳደር ቦታ በጎጃም ምድር ብዙ አላየሁም፤ ለመግዛት ግን ከወረቀቱ በፊት አካባቢው የሚተዳደርበትን ሥርዓት መረዳት ግድ ይላል፤ ገዢው በገንዘቡ የሚያገኘው ቤቱን እንጂ ዘጌን ዘጌ ያደረጋትን ደን አይደለምና።

ደኑ የተረፈው በአጋጣሚ አይደለም። የአካባቢው ሰው እንደሚተርከው፣ የገዳማቱ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ከተከሉት በትር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቅለዋል፤ ከዚያም ወዲህ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት በቃል ኪዳን የተከለከለ ሆኖ ሕዝቡ በእነዚህ ተክሎች ሲተዳደር ኖሯል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሃል ዘጌ ጊዮርጊስና ሌሎቹም ገዳማት እስከ ዛሬ በዚህ ደን ተከበው የሚገኙት ሥርዓቱ ለዘመናት ስለተጠበቀ ነው። ይህን የምጽፈው ታሪክ ለመንገር ብቻ አይደለም፤ ለገዢ የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው። ከጓሮው ላም አስሮ ወተት ለማለብ ወይም ቡናውን መንጥሮ በቆሎ ለመዝራት ያሰበ ሰው ቦታውን ቢመርጥ ራሱንም ጎረቤቱንም ያሳዝናል። ጤፉም፣ ወተቱም፣ ቅቤውም ከውጭ ስለሚገባ፣ የወር አስቤዛ ሲታሰብ ይህ ወጪ አብሮ መታየት አለበት።

ኑሮው ራሱ ምን ይመስላል? ሌሊት የማኅሌት ድምፅ፣ ንጋት ላይ የወፎች ዝማሬ፣ ቀን ደግሞ ፀሐይ የማያስገባ ጥላ አለ። ጎረቤት በጽዋ ማኅበርና በእድር የተሳሰረ ነው፤ አዲስ ገቢ ሰው ሰንበቴውን ሲካፈልና የደጀ ሰላሙን ሽማግሌዎች አንቱ ብሎ ቀርቦ ሲያማክር ፈጥኖ ይለመዳል፤ አጥሩን በቆርቆሮ አጥሮ በሩን ዘግቶ የሚቀመጥ ግን ዓመታት ቢያልፉም እንግዳ ነው። ጦጣዎቹ ከማድ ቤት ምግብ ያነሳሉ፤ መስኮት ላይ ወንፊት መምታት የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት። በክረምት እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ልብስም እህልም ይሻግታል።

መጓጓዣው የኑሮው ደካማ ጎን ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ሲናወጥ ደግሞ ጉዞው ያስፈራል። በየብስ የሚሄደውም ቢሆን በክረምት ጭቃ ይፈትነዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያትም እንቅስቃሴ የሚስተጓጎልባቸው ቀናት አሉ። ከባድ ሕመም ሲያጋጥም የሚኬደው ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታሎች በመሆኑ፣ የቅርብ ሐኪም ክትትል የሚያስፈልገው ሰው ወይም የመውለጃዋ ቀን የተቃረበ እናት ዘጌን ቋሚ መኖሪያ ከማድረጓ በፊት ደጋግማ ብታስብ እመክራለሁ።

አሁን ወደ ግዢው ልለፍ፤ ሰዎች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት ንብረት እንደሆነ ይደነግጋል፤ ስለዚህ የትም ቢሆን የሚገዛው በመሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው። በዘጌ ግን ሁለት ዓይነት ይዞታ ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ በከተማው ፕላን ውስጥ ያለ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የተሰጠው ቦታ፣ ሌላው በገጠር መሬት ይዞታ ደብተር የተያዘ የቡና ጓሮ ነው። ሁለተኛው መሬት ስለሆነ አይሸጥም፤ ደላሎች ግን ሁለቱን አንድ አድርገው ያቀርባሉ። እኔንም ቤት በማፈላልግበት ወቅት አንድ ደላላ በደብተር የተያዘ ጓሮ አሳይቶኝ፣ ሽያጩን በስጦታ ወይም በረጅም ጊዜ ኪራይ ስም መዋዋል እንደሚቻል ሊያግባባኝ ሞክሯል። እንዲህ ያለው ውል ነገ የሻጩ ልጆች ወይም ወንድሞች ቢከሱ በፍርድ ቤት ሊፈርስ ይችላል፤ ገዢው የከፈለውን ገንዘብ ለማስመለስም ዓመታት ሊንከራተት ይችላል። ካርታ የሌለውን ቤት መኖሪያ ማድረግ የፈለገ ሰው በግልጽ ተከራይቶ ቢኖር ይሻለዋል።

ካርታ ያለው ቤት ሲገኝም ሥራው አያልቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ በሽማግሌ ፊት በተፈረመ ወረቀት ብቻ መተማመን አደጋ አለው። የሻጩ የትዳር ጓደኛ መስማማቷን በፊርማዋ ማረጋገጥ፣ ቤቱ በውርስ የመጣ ከሆነም የወራሾችን ሁሉ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ዘጌ ላይ አንድ ጓሮ ለአያሌ ወንድማማቾች በውርስ የሚደርስ በመሆኑ ይህ ከሁሉ የበለጠ አድካሚ ክፍል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥርዓት እንዲይዝ ደንግጓል። ስለዚህ ስም ከማዛወር አስቀድሞ ከማዘጋጃ ቤቱ የሊዙን ክፍያና የቴምብር ቀረጡን ጠይቆ ከቤቱ ዋጋ ላይ መደመር ይገባል። በጓሮው ያሉት የቡናና የጌሾ ተክሎች፣ ወሰን ላይ የቆሙት ትልልቅ ዛፎችም የማን እንደሆኑ በውሉ ላይ በስም ተዘርዝረው ይጻፉ፤ በጎረቤታሞች መካከል የማያባራ ጠብ የሚነሣው ከእነሱ ነው።

ቤቶቹ አብዛኞቹ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ ሲጠገኑ ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ ሲዘነጉ ግን ምስጥ ፈጥኖ ይጨርሳቸዋል። አፍርሶ በብሎኬት የመሥራት ፍላጎት እየበዛ መጥቷል፤ እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተስማምቶ እንዲጠበቅ፣ የተመዘገበ ነው፤ ከዚህም ሌላ የጥላ ዛፍ እየቆረጡ ግቢ ማስፋት ለአንዱ ባለቤት ምቾት ሲባል የሁሉንም ቡና ማድረቅ ነው። ጥላው የሄደበት ቡና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠወልጋል፤ ከቡናውም ጋር ገዢውን ወደዚያ የሳበው ነገር ይጠፋል። ግድግዳውን በጥሩ ጭቃ ለስኖ፣ የምሰሶውን ሥር በድንጋይ ከፍ አድርጎ፣ ጣሪያውን አስፍቶ የዝናቡን ውኃ ከግድግዳው ማራቅ ከአዲስ ግንባታ በእጅጉ ይረክሳል።

ቤት ለማየት የሚሄዱ ሰዎች በጥቅምት፣ ቡናው ሲቀላና ሰማዩ ሲጠራ መሄድ ይወዳሉ። በሐምሌ ወይም በነሐሴ ሂዱ፤ ያኔ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ፣ የምሰሶው እንጨት በምስጥ መበላት አለመበላቱ በግልጽ ይታያል። ከሻጩ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊትም ካርታውን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወስዳችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ ቀብድ ከዚያ በኋላ ይከፈላል።