ቻይና፣ ጓንግዡ ላላችሁ ወላጆች፦ የመጽሐፍ ሱቋን አዪ ላመስግንላችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ከሁለት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ሥራ በዛብኝና ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ዛሬ ግን ልጄ የሙከራ ፈተናውን ወረቀት ይዞ ገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ እኔም ስልኬን አንስቼ መጻፍ ጀመርኩ።

የማመሰግናቸው ሴት አስተማሪ አይደሉም። መጽሐፍ ሻጭ ናቸው። ከልጄ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለች ቀጭን መንገድ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ አለቻቸው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የመለማመጃ መጽሐፍ ነው። እዚህ አገር በዕድሜ ገፋ ያለችን ሴት ልጆች "አዪ" ይሏታል፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። እኔም አዪ እያልኩ ልቀጥል።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። አባቱ የዚሁ አገር ሰው ስለሆነ የሚማረው ከቻይና ልጆች ጋር በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። 9ኛ ክፍል ሲያልቅ፣ በሰኔ፣ "ዦንግካኦ" የሚሉት ፈተና አለ። ነጥቡ የደረሰለት ቀለም ትምህርቱን ይቀጥላል፣ ያልደረሰለት ወደ ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚህ ጓንግዡ እንግሊዝኛ የሚታረመው ከ120 ነው፣ ከቻይንኛና ከሒሳብ እኩል። ልጆቹን የሚጥላቸው ደግሞ ምንባቡ ነው።

የኔ ልጅ ቃል አልቸገረውም። በሥርዓተ ትምህርቱ መሠረት 9ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ 1600 ያህል የእንግሊዝኛ ቃል እንዲያውቅ ይጠበቃል፣ እሱ አብዛኛውን በቃሉ ይወጣዋል። ከሌሊቱ በየትኛው ሰዓት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ምንባብ ላይ ሲደርስ ግን ከ20 ጥያቄ 9 ነበር የሚያገኘው። ዘጠኝ! ደግሞ ሰነፍ ቢሆን ባልከፋኝ፣ ልጁ ማታ ማታ ዓይኑ እስኪቀላ ነው የሚያጠናው።

እኔ ልርዳው ብዬ ተነሳሁ። አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉንም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፣ ይህማ አያቅተኝም አልኩ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ እየመለስኩ አስነብበው ጀመር። ለካ እሱ የሚያዳምጠው የኔን አማርኛ ነው፣ ጽሑፉን አያየውም። ከዚያ በስልክ ሦስት ወፋፍራም መለማመጃ አዘዝኩ። የሻጩን ስም አልጠራም፣ ለ9ኛ ክፍል ነው ብሎ የላከልኝ ግን ለትልልቆቹ፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተፈታኞች የሚሆን ነበር። ልጄ ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርስ እንባው መጣ። በተቀመጠበት፣ ድምፅ ሳያሰማ። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ ያንን።

አዪ ጋ የሄድነው እስክሪብቶ ልንገዛ ነው። ልጄ ቦርሳውን ሲከፍት ወፍራሙን መጽሐፍ አዩት። "ይህን ማን ገዛልህ?" አሉት። እኔን አላዩኝም። ከመደርደሪያው አንድ ስስ መጽሐፍ አወጡና አንድ ምንባብ ከፍተው ሰጡት፣ እዚሁ ቆመህ አንብብ፣ የማታውቃቸውን ቃላት በእርሳስ አስምር አሉት። አራት ቃል አሰመረ። "ይሄ ልክህ ነው" አሉ። ወፍራሙ ላይ ሲሞክር አንዱን አንቀጽ ሳይጨርስ ያሰመረው ቃል አሥራ አንድ ሆነ። መልሰው ቦርሳው ውስጥ ከተቱትና ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስትደርስ አውጣው አሉት።

ከዚያ የመጣው ነው ልቤን የነካው። ምንባቡ ስለ ድራጎን ጀልባ ነበር፣ እዚህ በየዓመቱ በበዓል ለውድድር ስለሚቀዝፉት ረጅም የእንጨት ጀልባ። እዚህ ዙሪያ ያሉ መንደሮች በዓሉ ሲያልፍ ጀልባውን ወንዝ ውስጥ ጭቃ ስር ይቀብሩታል፣ በዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ቆፍረው ያወጡታል። ጥያቄው፣ ለምን ይቀብሩታል? የሚል ነው። ልጄ አሰብ ሳያደርግ "አባቶችን ለማክበር" የሚለውን መረጠ።

"የቱ ጋ ነው እንዲህ የሚለው? በጣትህ አሳየኝ" አሉት።

ፈለገ። የለም። አያቱ እንደዚያ ብለው ስለነገሩት ነው የመረጠው። ጽሑፉ ግን እንጨቱ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ነው ይላል፣ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቁጭ ብሏል። አዪ አልተቆጡትም። "የምታውቀው ነገር ሲመጣ ነው የምትሳሳተው፣ የማታውቀው ሲመጣ ግን ታነባለህ" አሉት። ስንት ወር ሙሉ የልጄን ችግር የቃላት ችግር ነው ስል የኖርኩት ሰው፣ እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ በአንድ አፍታ ገባኝ።

ዘዴያቸው ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። እያንዳንዱ መልስ ጽሑፉ ውስጥ ያለበትን መስመር በጣት መንካት፣ ከመስመሩ ጎን የጥያቄውን ቁጥር በእርሳስ መጻፍ። መስመር ያልተገኘለት መልስ መልስ አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር በስንደዶ እየነካን ነበር የምናነበው፣ ስንደዶው ከዓይናችን ቀድሞ ከሄደ የኔታ ከመጀመሪያው ያስጀምሩን ነበር። የልጄን ጣት ወረቀቱ ላይ ሳይ ያ ነው ትዝ ያለኝ፣ እዚህ በሰው አገር።

ሌላም አሳዩት። "ባት" እና "ሀውኤቨር" (እኛ "ግን" እንደምንለው) የሚሉትን ባየ ቁጥር እንዲያከብባቸው፣ ከነሱ በኋላ ሐሳቡ ስለሚዞር። የሚያውቀው ቃል እንግዳ ቦታ ላይ ሲመጣበትም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ሳያነብ እንዳይፈርድ። "ቡክ ኤ ቴብል" የሚል አጋጥሞት መጽሐፍና ጠረጴዛ ብሎ ነበር የተረጎመው። አዪ ትርጉሙን አልነገሩትም፣ "ከታች ምን ይላል?" ብቻ ነው ያሉት። ከታች ምግብ ቤት አለ፣ አስተናጋጅ አለ፣ ስድስት ሰው ይመጣል የሚል አለ። "አሃ፣ ቦታ ማስያዝ ነው!" ብሎ ሲጮህ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ዞር ብለው አዩት።

የስህተት ደብተርም አስገዙት። ይህን የቻይና ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል፣ የተሳሳቱትን ጥያቄ ገልብጠው ለምን እንደተሳሳቱ ይጽፉበታል። የኔው ልጅ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ነበር የሚገለብጠው። አዪ በሁለተኛው ሳምንት ገልጠው አዩና "መልሱንማ መጽሐፉ ጀርባ ላይ አለልኝ፣ እኔ የምፈልገው ያን ጊዜ ምን እንዳሰብክ ነው" ብለው መለሱለት። አሁን "አያቴ የነገሩኝን ጻፍኩ"፣ "ቸኩዬ ሁለተኛውን መስመር ዘለልኩ" እያለ ይጽፋል። አንዳንዴ ማታ ሲተኛ አነበዋለሁ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ በኋላ እንዳትጠይቁኝ። አዪ አያስጠኑም። ከ2021 ጀምሮ እስከ 9ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ለትርፍ የሚሰጥ የቀለም ትምህርት ጥናት እዚህ በጥብቅ እንደተገደበ ታውቃላችሁ። እሳቸው ገንዘብ የሚቀበሉት ለመጽሐፉ ብቻ ነው። ስሱ መጽሐፍ 32 ዩዋን፣ ደብተሩ 6 ዩዋን። ስንት ልላክልዎት ብዬ ስልኬን ሳወጣ እጄን መልሰውታል። የቀረውን የሚያደርጉት ቆመው፣ ሂሳብ እየተቀበሉ፣ ለገባው ልጅ ሁሉ ነው። በቀን አንድ ምንባብ ይበቃል ነው የሚሉት፣ ሁለተኛውን ከሠራህ የመጀመሪያውን አላየኸውም ማለት ነው ይላሉ።

ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤላቸው ሄድኩ። ማሸጊያውን አገላብጠው አዩና ለልጄ ሰጡት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን "ምን ይላል?" አሉት። "ዎሽድ" ይላል። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት ልጄ እጁን አነሳና አስቆመኝ። ጣቱን ቀጣዩ መስመር ላይ አደረገ። ቀስ ብሎ አነበበ። ከዚያ ልጣጩ ተነስቶ በውሃ የታጠበ ቡና ማለት ነው ብሎ በቻይንኛ ነገራቸው። አዪ ሳቁና ማሸጊያውን ከመደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጡት።

የዛሬው ወረቀት ላይ ምንባቡ ከ20 ጥያቄ 16 ነው። ከአሥራ ስድስቱ ጎን ሁሉ የእርሳስ ቁጥር አለ።

አዪ፣ አማርኛ እንደማያነቡ አውቃለሁ፣ ልጄ ይተረጉምልዎታል፣ እሱንም በጣት እያስነኩ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

7ኛም 8ኛም ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ሰኔን አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ውሰዷቸው። መንገዱን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ከሰዓት ተማሪ ሲለቀቅ ሱቁ ስለሚጨናነቅ ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል። ንግግራቸው ቀጥ ያለ ነው፣ ካንቶንኛቸውም (የዚህ አካባቢ ቋንቋ ነው) ይፈጥናል፣ አይክፋችሁ። ልጁን ግን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ቆሞ አንድ ገጽ ሳያነብላቸው መጽሐፍ አይሸጡላችሁም።