የቬቲቨር ሳር ግንጣይ ለተዳፋት መሬት፦ ሲገዙ ምን ይታይ?

ለተዳፋት መሬት ከሚሸጡት ሣሮች አፈር በመያዝ ቬቲቨርን የሚያህል የለም። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቁልቁል ይወርዳል፤ በጥሩ አፈር ላይ 3 ሜትር ይደርሳል። ዘሩ ስለማይበቅል ማሳ ውስጥ ገብቶ አረም አይሆንም።

በፕላስቲክ ካደገው ይልቅ አፈር የሌለውን ግንጣይ (ካደገ ሣር ተገንጥሎ የሚተከለውን ክፍል) ይምረጡ፤ ለማጓጓዝ ይቀላል። እያንዳንዱ 2 ወይም 3 ቡቃያ ይኑረው፤ ግርጌው ሲጫኑት ጠንከር ይበል። ቅጠሉ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ተቆርጦ፣ ሥሩ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ካልመጣ አይቀበሉ።

ተከላው ክረምቱ ገብቶ አፈሩ በደንብ ሲርስ ነው። ተዳፋቱን አቋርጦ የሚሄደውን መስመር በኤ-ፍሬም (በ“A” ፊደል ቅርጽ በተሠራ የእንጨት መለኪያ) ወይም በውሃ ልክ አስተካክለው በየ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይትከሉ። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ መስመሩ ዘቅዘቅ ካለ ወይም አንዷ ግንጣይ ደርቃ ከቀረች ጎርፉ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ይሰበሰብና ቦረቦር ይከፍታል። ስለዚህ መተኪያ ጨምረው ይግዙ፤ የደረቀውን እዚያው ክረምት ሳይወጣ መተካት ግድ ነው።

ጉድለትም አለው። ጥላ አይወድም፤ ዛፍ ሥር ይቀጭጫል። ብርዳማ ደጋ ላይ እድገቱ ይዘገያል፤ ከብት የሚወደውም ለጋውን ብቻ ነው። መኖ ለሚፈልግ፣ በተለይ ደጋ ላይ፣ የጨንቻው ደሾ ሣር ይሻላል፤ ቶሎ መሬቱን ይሸፍናል፣ እየታጨደም ለከብት ይሰጣል። ሥሩ ግን የቬቲቨርን ያህል ስለማይጠልቅ ለመንገድ ዳር ቁርጥ ገደል አይበቃም።